ያለዘብኩት ቁጣ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለበትም፤ የታሰረም የለበትም። አንዲት ቻይናዊት የሕግ መምህርት ለአንድ ዓመት ወደ ዋሽንግተን መጡ፣ ጥናታቸውን ሠሩ፣ ወደ አገራቸው ተመለሱ። እኔ አስተረጎምኩላቸው። ስተረጉም አንድ ጥፋት አጠፋሁ፤ ጥፋቱን ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እንዲህ ያለው ለሰው ይነገራል ወይ እያልኩ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ሦስተኛ ጊዜ የጀመርኩት ማመስገን የሚገባኝ ሁለት ሰዎች ስላሉ ነው። ጥፋቴን ሳልናገር ላመስግናቸው ብል ለምን እንደማመሰግናቸው ማንም አይገባውም።

የሕግ ትምህርት አንደኛ ዓመቴን የጨረስኩት በቅርቡ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፤ በዲቪ ስንመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ፊት ከሚቀመጡት ነኝ። መምህር የጠየቀኝን ሳላውቅ እንኳ «አላውቅም» ማለት ስለማልወድ ሌሊቱን ሙሉ የማነብ ዓይነት ተማሪ ነኝ። ባለፈው መስከረም «አማርኛ አጥርቶ የሚናገር ተማሪ እንፈልጋለን» የሚል ኢሜይል ሲመጣ ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ትምህርቱ ሳያልቅ፣ እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ መለስኩ።

የፈለጉኝ ፕሮፌሰር በሃምሳዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ያሉ፣ ፀጉራቸው ባጭሩ የተቆረጠ ሴት ናቸው። ሙቅ ውሃ የያዘች ትንሽ ፔርሙስ ከእጃቸው አትለይም። በዚያ ዓመት በትምህርት ቤታችን አራት የቻይና የሕግ ምሁራን ነበሩ፤ ሁሉም የመጡት የአገራቸውን ሕግ ከሌላው ጋር ለማነጻጸር ነው። አንዱ የኩባንያ ሕግ፣ አንዱ የፈጠራ መብት፣ አንዱ የፍርድ ቤት ሥርዓት ያጠናል። የእኔዋ ፕሮፌሰር ግን ፍርድ ቤት ሳይደርስ የሚያልቀውን ጠብ ነበር የሚያጠኑት። እናታቸው በተወለዱበት ከተማ የሰፈር አስታራቂ ነበሩ። «እኛ ጋ የሚያስታርቅ ሰው አለ። እናንተም ጋ አለ ሲሉ ሰማሁ። ልዩነቱን ማየት እፈልጋለሁ» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። ባልደረቦቻቸው ምሳ ላይ ይቀልዱባቸው ነበር።

«እኛ አሜሪካ የመጣነው ቤተ መጻሕፍት ለመግባት ነው፤ አንቺ የመጣሽው ሰው ሳሎን ለመግባት!»

«የእናንተ ቤተ መጻሕፍት ሻይ ያፈላላችኋል?» ይሏቸዋል እሳቸው መልሰው።

ይቀልዱ እንጂ ነገሩ ለእሳቸው ቀልድ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲያቸው የፈቀደላቸው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት አስተምረው ያገኙት የመጀመሪያ ዕድል ነበር፤ የመጨረሻም ሳይሆን አይቀርም ብለውኛል። በዓመቱ መጨረሻ ሥራቸውን በምሁራኑ ፊት ያቀርባሉ፣ ከዚያ የመጽሐፋቸው ምዕራፍ ይሆናል። ሁሉም ነገር የተመካው እውነተኛ ሽምግልና በዓይናቸው በማየታቸው ላይ ነበር።

እኔ ደግሞ ሽማግሌ አላጣም። የእናቴ አጎት አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ። አባባ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ ከቨርጂኒያም ከሜሪላንድም የተጣላ ሰው ቤታቸው ይመጣል። ደወልኩላቸው።

«አባባ፣ አንዲት የቻይና ፕሮፌሰር ሽምግልና ማየት ይፈልጋሉ።»

«ከማን ተጣልተው ነው?»

«ከማንም አልተጣሉም። ለጥናት ነው።»

«ሳይጣሉ ሽምግልና!» ሳቁ። «ይምጡ። የሚጣላ እንደሆን አይጠፋም።»

እውነትም አልጠፋም። አንዲት እህትና ወንድሟ ነበሩ። እናታቸውን ከአዲስ አበባ ያመጣቻቸው ታላቅየዋ ናት፤ አራት ዓመት አሌክሳንድሪያ እሷ ጋ ኖሩ። አንድ ቀን እሷ ሥራ ላይ እያለች ወንድሟ እናቱን ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ዊተን ወደሚገኘው ቤቱ ወሰዳቸው፤ በዚያው አስቀራቸው። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ተኮራርፈው አንድ ዓመት አለፈ። እህትየው ወንድሟ በር ላይ ላለመቆም ስትል እናቷን እንኳ አላየችም። (ይህን ልጻፍ ወይ ብዬ ሁለቱንም ጠይቄያቸዋለሁ። «ስማችን እስካልተነሳ ድረስ» ብለዋል።)

ዩኒቨርሲቲው ለጥናቱ የሁሉም ፈቃድ በወረቀት ይፈረም አለ። ወረቀቱን ይዤ አባባ ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱንም ገጽ አነበቡና መለሱልኝ።

«እሺ ብዬሽ አልነበር?»

«ብለውኛል፣ ግን ፊርማ ...»

«ለታክሲ ኩባንያ ስፈርም ኖሬያለሁ። ልጄ፣ እኔ ሁለት የተጣላ ሰው በቃሌ ይታረቅልኛል፤ ሴትየዋ ‹የእርስዎ ቃል አይበቃም› ብለው ከሆነ ምን ሊያዩ ይመጣሉ?»

ፕሮፌሰሯ ይህን ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። የቃል ፈቃድ እንዲበቃ ዩኒቨርሲቲውን ጠየቁ፤ ተፈቀደ። ባለጉዳዮቹም እሺ አሉ፤ ግን ድምፅ እንዳይቀዳ። ስለዚህ በዚያ ሳሎን የሚባለው ሁሉ ፕሮፌሰሯ ዘንድ የሚደርሰው በአንድ መንገድ ብቻ ሆነ፤ በእኔ አፍ።

የካቲት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። አባባ የሰዉን ስልክ ሁሉ በዳቦ ቅርጫት ሰብስበው ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጡት፤ የፕሮፌሰሯንም ጭምር። አባባና አብረዋቸው የሚያስታርቁ ሁለት ሽማግሌዎች ረጅሙ ሶፋ ላይ፣ እህትና ወንድም ፊት ለፊታቸው በምግብ ጠረጴዛ ወንበሮች ላይ፣ እኔና ፕሮፌሰሯ ወደ ኩሽናው በር ጠጋ ብለን ተቀመጥን። ፕሮፌሰሯ ደብተራቸውን ዘረጉ። እያንዳንዱ ገጽ በመስመር ለሁለት ተከፍሏል፦ በግራ የእነሱ ልማድ፣ በቀኝ የእኛ።

«አራት ዓመት ሙሉ ያጠብኳት፣ መድኃኒቷን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለች እህትየው። «ሺፍቴን ጨርሼ ስገባ አልጋው ባዶ! ኮል ሳደርግለት ‹እኔ ጋ ናት› ብሎ ዘጋብኝ። እናት እንደ ዕቃ ትነሳለች?»

«ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ቲቪ ፊት ነበረች» አለ ወንድሟ። «አንቺ ደብል ትሠሪያለሽ፤ ማን ያዋራታል?»

«መጀመሪያ ጠይቀኸኛል?»

ማን እንደተበደለ ለማወቅ የሕግ ተማሪ መሆን አያስፈልግም ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም አስወጥተው ተመካከሩና መልሰው አስገቧቸው። አባባ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። እኔ ወደ ወንድምየው ይዞራሉ ብዬ ስጠብቅ ወደ እህትየው ዞሩ።

«አንቺ! ዓመት ሙሉ የእናትሽን ፊት ሳታዪ እንዴት እንቅልፍ ወሰደሽ? እሱ በደለሽ፣ እሺ። እናትሽስ ምን አደረገችሽ? ታላቅ ነኝ ትያለሽ፤ የታለ ታላቅነትሽ? ይኸውልሽ ዊተን፣ ድልድዩን ተሻግረሽ! ውቅያኖስ አቋርጠሽ የመጣሽ ሰው ወንዝ አቅቶሽ ቀረሽ?»

ሴትየዋ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። አለቀሰች። እኔ ፊቴ ጋለ። እንዲህ ያለ አድልዎ በእንግዳ ፊት! ስለ እኛ ምን ይሉ ይሆን? የተበደለችዋን ሴት ሦስት ወንዶች ተቀምጠው የሚያስለቅሱ ሰዎች ነን ብለው ይጽፉብናል። ፕሮፌሰሯ ጠጋ ብለው «ምን አሉ?» ሲሉኝ በሹክሹክታ፣ በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኩ፦

«እናትና ልጅ መራራቃቸው እንዳሳዘናቸው እየገለጹ ነው። ፈቃደኛ ከሆነች ብትጎበኛቸው ደስ ይላቸዋል።»

ፕሮፌሰሯ ጻፉ። ከዚያ ብዕራቸውን አቁመው «ድምፃቸው ግን ኃይለኛ ነው» አሉ።

«ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል» አልኩ።

እንዲህ እያልኩ ሦስት ቅዳሜ አለፈ። ቁጣውን ሁሉ እያለዘብኩ፣ ስድብ የሚመስለውን ምክር እያደረግኩ አቀበልኳቸው። በሦስተኛው ቅዳሜ እህትየው ሽማግሌዎቹንና እኛን አስከትላ ዊተን ሄደች፤ ወንድሟ በሩን ከፍቶ ሲያያት ጉልበቷ ላይ ወደቀ። ታረቁ። ፕሮፌሰሯ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ እኔም ሥራዬን ጥሩ አድርጌ እንደሠራሁ አምኜ ቤቴ ገባሁ።

ግንቦት ውስጥ ፈተናዬን እንደጨረስኩ ፕሮፌሰሯ የጽሑፋቸውን ረቂቅ ላኩልኝ። ለምሁራኑ የሚያቀርቡበት ቀን አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። «ስለ አገርሽ ሰዎች ያልተስተካከለ ነገር ካለ ምልክት አድርጊበት» ብለዋል። ማድመቂያ ብዕር ይዤ ተቀመጥኩ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ይህን አነበብኩ፦ የኢትዮጵያ ሽማግሌዎች ማንንም አይወቅሱም፤ ሐዘናቸውን ይገልጻሉ፣ ይጋብዛሉ፣ ይጠብቃሉ። የቻይና የሰፈር አስታራቂ ግን ፊት ለፊት ይቆጣል። የጥናቱ ዋና ውጤት ይህ ልዩነት ነው።

ከግርጌው ደግሞ በትንንሽ ፊደል፦ አንደኛው ሽማግሌ ጮክ ብለው የሚናገሩት የመስማት ችግር ስላለባቸው ነው።

ብዕሩን ከደንኩት። የአንድ ዓመት ሥራቸው እኔ ለይሉኝታ ስል በፈጠርኩት ነገር ላይ ቆሟል። ብናገር ሥራቸው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ይፈርሳል። ባልናገር ማንም አያውቅም፤ ቻይና ውስጥ አማርኛ ሰምቶ የሚያርማቸው ማን አለ? ግን የሌለ ነገር በስማቸው ታትሞ ይኖራል፤ ያመኗቸው ተማሪዎቻቸውም ያንኑ ይማራሉ።

ሁለት ቀን ዝም ብዬ ዞርኩ። በሁለተኛው ቀን እናቴ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ነገርኳት።

«አሳመርሽን እንዴ?» አለች።

«እማዬ፣ ደግ እንዲመስሉ ብዬ ነው።»

«ማን መስለው? አባባ ደግ ናቸው። ደግነታቸው ቁጣቸው ውስጥ ነው ያለው፤ እኔን ስንት ጊዜ እንዳስለቀሱኝ አታውቂም። ይልቅ አንቺ ጥሩ ልጅ ለመባል ብለሽ ነው።» ሌላኛውን ጫማዋን አወለቀች። «ነገ ሄደሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

በማግስቱ ፕሮፌሰሯ ቢሮ ገብቼ ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። የፔርሙሳቸውን ክዳን ቀስ ብለው አጠበቁ።

«ስንት ቦታ ላይ?»

«ብዙ ቦታ።»

«ጆሯቸውስ?»

«ጤነኛ ነው። ሌላ ክፍል ሆነው ሹክሹክታ ይሰማሉ።»

አልሳቁም። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ደብተራቸውን አውጥተው ያንን የቀኝ ረድፍ ገጽ በገጽ ሲያገላብጡ ቆሜ አየኋቸው። በመጨረሻ «ሽማግሌው ፈቃደኛ ከሆኑ ቅዳሜ እንሂድ» አሉ። ቅዳሜ በባቡር ወደ አሌክሳንድሪያ ሄድን። ፖቶማክን ስንሻገር በመስኮቱ ወንዙን ያዩ ነበር፤ እኔ የጫማዬን ማሰሪያ አያለሁ።

አባባ ነገሩን ሁሉ ከእኔ ሰሙ።

«ጆሮዬ ከበደ?» አሉ ከዚያ።

«አባባ፣ ይቅርታ ...»

«እኔን ደንቆሮ አድርገሽ ቻይና ድረስ ላክሽኝ?»

ተነሥተው የዳቦውን ቅርጫት አመጡ። ስልኮቻችንን ሰብስበው ፍሪጁ ላይ አስቀመጡ። እኔን ያን ቀን ወንድምየው የተቀመጠበት ወንበር ላይ፣ ፕሮፌሰሯን የእህትየው ወንበር ላይ አስቀምጠው ራሳቸው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። መሐላችን ሌላ ሰው የለም፤ አስተርጓሚዋም ጥፋተኛዋም እኔው ነኝ።

«አንቺ አጥፍተሻል» አሉኝ። «ታውቂዋለሽ፤ ባታውቂው አትመጪም ነበር። ጨርሻለሁ።»

ይኸው ነበር። ከዚያ ወደ ፕሮፌሰሯ ዞሩ፤ ድምፃቸውም ተነሣ።

«እርስዎስ! ስንት ዓመት አስተማሩ? ሃያ አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ መሐል አስቀምጠው ያቀበለችዎትን ሁሉ ዋጡ? ድምፄን ሰምተዋል። ሴትዮዋ ስታለቅስ በዓይንዎ አይተዋል። ‹ብትጎበኛቸው ደስ ይለኛል› ተብሎ ሰው እንደዚያ ያለቅሳል? እኔ እዚሁ ነበርኩ! ሦስት ቅዳሜ ሻይዬን ጠጥተው ሲወጡ አንድ ቀን ‹ምን ማለትዎ ነበር?› ብለው እኔን ጠይቀዋል? ከቻይና ድረስ መጥተው ከዚህ ወንበር እስከዚህ ሶፋ መምጣት አቃተዎት?»

ከዚያ ወደ እኔ፦ «ተርጉሚ።»

«አባባ፣ እሳቸው እኮ የተበደሉት ናቸው።»

«ተርጉሚ አልኩ። አንድ ቃል እንዳታጎድዪ።»

ተረጎምኩ። ወንበሩንም ሶፋውንም፣ ሻዩንም፣ «ዋጡ» የሚለውንም ሳላስቀር ተረጎምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ከብዶኝ የተናገርኩት ነገር የለም። ፕሮፌሰሯ መጀመሪያ ፊታቸው ቀላ። ቀጥሎ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው። ሳቁ ግን ከእንባ ጋር ነበር።

«እናቴ!» አሉ። «እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው። ሁልጊዜ የተበደለውን ነበር የምትቆጣው። ልጅ ሆኜ አድልዎ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ለምን ብዬ ስጠይቃት ‹ሌላኛውማ መቼ ይሰማኛል› አለችኝ። በሌላ አገርም እንዲህ የሚያደርግ ሰው እንዳለ ለማወቅ ነበር የመጣሁት። እናንተ ጋ የለም ብዬ ጽፌ ነበር።»

አባባ ፕሮፌሰሯ ምን እንዳሉ ጠየቁኝ። እንዳለ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እናታቸው ሥራቸውን ያውቁ ነበር። ጥፋተኛውን ብቆጣው ኮቱን አንሥቶ ይሄዳል። የምቆጣው የሚችለኝን ነው። እሷ ከተነሣች እሱ ምን ፊት ይኖረዋል? አላየሽም ጉልበቷ ላይ ሲወድቅ?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሻይ ይጠጣሉ?» አሉ።

ያን ቀን እስኪመሽ ተቀመጥን። ፕሮፌሰሯ አዲስ ገጽ ከፈቱ፤ ይህን ጊዜ ሶፋው ላይ፣ ከአባባ ጎን ነበሩ። አባባ የተናገሩትን አንድ በአንድ አስታወሱ፣ እኔም የማስታውሰውን ጨመርኩ። አንዳንዴ አባባን ይሞቃቸውና «እዚህ ጋ ይህንንም ጨምሪበት፤ ያን ቀን ረስቼው ነው» ይላሉ። ፕሮፌሰሯ ብዕራቸውን ያነሣሉ። «የተባለውን ብቻ» ይላሉ፤ አባባ ቅር እያላቸው ይተዉታል።

እኛ ብቻ ማስታወሳችን አልበቃቸውም። አባባ ለእህትየው ደውለው ስልካቸውን ስፒከር ላይ አደረጉት።

«ያን ቀን ምን ብዬሽ ነበር?»

«ኧረ አባባ! ‹ወንዝ አቅቶሽ ቀረሽ› ብለውኝ ነዋ! ሳምንት ሙሉ ድልድዩን ባለፍኩ ቁጥር ሳለቅስ ነበር።»

«እንዲህ ብዬ እንደተቆጣሁሽ ፕሮፌሰሯ ይጻፉት?»

«ይጻፉት እንጂ። እሱን ካልጻፉ ምን ጻፉ ይባላል?»

ፕሮፌሰሯ ሰባተኛውን ገጽ ጣሉት። የቀረቻቸውን ሳምንት ከቢሮ ሳይወጡ እንደገና ጻፉ። እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ የእያንዳንዱን ንግግር ትርጉም አብሬያቸው አየሁ፤ «ይህ ትንሽ ይከብዳል» ባልኩ ቁጥር ቀና ብለው ያዩኛል፤ እንዳለ እመልሰዋለሁ።

ያቀረቡ ቀን ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስህተቱን ራሳቸው ተናገሩ። እኔን አልወቀሱም። «ከወንበሬ ተነሥቼ አልጠየቅኩም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። የሳሎን ጥናት እያሉ ይቀልዱባቸው የነበሩት የኩባንያ ሕግ መምህር እጃቸውን አነሡና «የተበደለው ሰው ተቆጥቶ ቢሄድስ?» ብለው ጠየቁ። ፕሮፌሰሯ ወደ ኋላ አዩኝ።

«ይህን አስተርጓሚዬ ትመልስልዎታለች» አሉ።

ከዚያ ሁሉ በኋላ አሁንም አስተርጓሚዬ አሉኝ። ቆምኩ። መልሱን የማውቀው በከፊል ነበር። «አንዳንዱ ተቆጥቶ ይሄድ ይሆናል። ምን ያህሉ እንደሚሄድ ግን አላውቅም» አልኩ። በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ አላውቅም ያልኩበት የመጀመሪያ ቀን ነበር።

ፕሮፌሰሯ ወደ አገራቸው የሚሄዱ ቀን አባባ ክራባት አስረው በመኪናቸው ኤርፖርት አደረሱን። ታክሲ እንደሚነዱበት ጊዜ ሻንጣውን ራሳቸው አወረዱ፤ ማንንም አላስነኩም። ፕሮፌሰሯ ከቦርሳቸው ሰባተኛውን ገጽ አወጡ፤ አሮጌውን፣ ስህተቱን። ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሠርዟል። «ይህ ያንቺ ነው» ብለው ሰጡኝ። ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ከዚያ በሁለት እጃቸው የአባባን እጅ ያዙ፤ አባባም አንድ ነገር ተናገሩ። ፕሮፌሰሯ ወደ እኔ ዞሩ።

«‹ደብዳቤ ሳይጽፉልኝ ቢቀሩ እቆጣዎታለሁ› አሉ» አልኳቸው። እንዲህ ነበር ያሉት፤ አልጨመርኩም፣ አላጎደልኩም።

ፔርሙሳቸውን ባዶ አድርገው በፍተሻው በር ገቡ። ይህ ቅዳሜ ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።